አያ ወልዴና ሸራ ላይ የተሰቀለው አይን

አያ ወልደ ገብርኤል በየማለዳው፣ ገና ሰው አፉን ሳይጉመጠመጥ፣ ዋርካው ግድብ ላይ ወጥተው በደረታቸው ይተኛሉ። የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ይሰበስቡና ክንዳቸውን ወደ ውሃው ይሰዱታል። መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ ክርን፣ በመጨረሻ እስከ ብብት። ጉንጫቸው ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ፣ አንድ አይናቸው ተጨፍኖ፣ ሌላው አይናቸው መንገድ መንገዱን እየጠበቀ፣ ከታች ይዳብሳሉ።

"አያ ወልዴ፣ ዓሣ በእጅ ጀመሩ እንዴ?" ይላቸዋል የሚያልፈው ሁሉ።

አያ ወልዴ መዳበሳቸውን ይቀጥላሉ። የሚፈልጉት ዓሣ አይደለም፤ ምስክራቸውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋርካው ግድብ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ያለ የመስኖ ግድብ ነው። ውሃው የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው። ዳር ላይ የሲሚንቶ ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል የብረት መዝጊያ አለ፤ መዝጊያውን የሚያነሳው ደግሞ ተነቃይ መዘውር ነው። መዝጊያው ሲነሳ ውሃው በቱቦ በግድቡ ሆድ ሥር አልፎ ማዶ ይወጣና ወደ ቦዩ ይገባል፤ ከዚያ ሰባ ሁለት አባወራ በየተራው ሽንኩርቱንና ስንዴውን ያጠጣል። ተራውን የሚሰጥ፣ መዘውሩን የሚይዝ፣ የሰረቀውን የሚይዝ፣ የውሃ አባት ይባላል። አያ ወልዴ አሥራ አንድ ዓመት የውሃ አባት ናቸው። መዘውሩን ማታ ማታ ይዘው ገብተው ትራሳቸው ሥር ያደርጉታል። ሚስታቸው ሀብትነሽ "ከብረት ጋር ነው እንዴ ያጋቡኝ?" ትላለች።

መዘውሩ ትራስ ሥር ከሆነ ማን ይከፍተዋል? እርስዎ እንዲህ ያስባሉ፤ አያ ወልዴ እንዲህ አያስቡም። ለዚህ ነው አመሻሽ ላይ መዝጊያውን ሲያወርዱ ከታች ደፉ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት የወይራ ቁራጭ የሚያስቀምጡት። መዝጊያው ወርዶ ወይራዋን ነክሶ ይይዛታል። ሌባ መጥቶ መዝጊያውን ትንሽ እንኳ ቢያነሳው ውሃው ወይራዋን ይዟት ይሄዳል። ማለዳ እጃቸውን ሰድደው ይዳብሳሉ፤ ካለች ሰላም፣ ከሌለች ሌባ። ይሄንን የሚያውቅ ከሳቸውና ከወይራዋ በቀር ማንም የለም። ለሚስታቸውም አልነገሩም። በተለይ ለሚስታቸው አልነገሩም።

ሰውየው ሲፈጠሩም እንዲሁ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ እናታቸው ከሰፈሩላቸው ጥሬ ይልቅ መስፈሪያውን የሚያዩ ልጅ ነበሩ አሉ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ቅቤ ሲገዙ ሌላው ሰው በስንደዶ አንድ ጊዜ ወግቶ ያሸታል፤ እሳቸው ከአራት በኩል ወግተው፣ ቅቤዋን ገልብጠው፣ በመጨረሻ ሻጯን "አንቺ ራስሽ ትበይዋለሽ ከዚህ?" ይላሉ። ልጃቸውን ሲድሩ ሽማግሌ ሆነው የመጡትን ሰዎች ጫማ አይተው "ይሄ ሦስተኛው ሰውዬ በጭቃ አልመጣም፤ በመኪና ነው የመጣው፤ መኪናውን ለምን ደበቁት?" ብለው እርቅ የሚያስፈልገው ጠብ ሊያስነሱ ነበር። ሰውየው ለካ በፈረስ ጋሪ ነበር የመጣው።

ግን የውሃ አባት አድርጎ ያስመረጣቸውም ይሄው ነው። ያኔ ውሃው እየተሰረቀ ሰው በአካፋ ይፈላለግ ነበር። አያ ፀጋው፣ የማህበሩ ሊቀመንበር፣ ተነስተው "ማለት… እኔ ማለት… በገዛ ጥላው የማያምን ሰው ካለን እሱ ይያዘው" አሉ፤ ሰባ አንዱም ዞሮ አያ ወልዴን አየ። እሳቸውም በተሾሙበት ቀን ሕግ አወጡ፦ ውሃ ያለ ተራው ያስኬደ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚቀጥለውን ሙሉ ዙር ያጣል፤ የሱ ተራ ቦዩ መጨረሻ ላይ ላሉት ጫፈኞች ይሰጣል። አንድ ዙር አሥራ አራት ቀን ነው። በመጋቢት አሥራ አራት ቀን ውሃ ያላየ ሽንኩርት ሽንኩርት አይደለም።

ዘንድሮ ታዲያ ውሃው መጉደል ጀመረ።

ግንቡ ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረ መስመር አለ፤ በጣት በጣት። በደህናው ጊዜ በሳምንት አንድ ጣት ይወርዳል። ከጥምቀት ወዲህ ግን ሁለት፣ አንዳንዴም ሁለት ተኩል ሆነ። እንዲህ ከቀጠለ ከፋሲካ በፊት ግድቡ ጭቃውን ያሳያል። ማለዳ ማለዳ አያ ወልዴ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ወይራዋ አለች። ቀና ብለው መስመሩን ያያሉ፤ ውሃው የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን "እንግዲያ ሌባ የለም" ይል ነበር። አያ ወልዴ ያሉት ሌላ ነው፦ "ሌባው ወይራዬን አውቋል። ከፍቶ፣ አጠጥቶ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ያስቀምጣታል።" ስለዚህ ወይራዋን ቀየሩ። አውራ ጣት የምታክል አደረጉና በቢላ መስቀል ቆረጡባት። በማግስቱ ወይራዋ ከነመስቀሏ አለች፤ ውሃው ደግሞ ባሰበት። "መስቀሏንም አስመስሎ ቆርጧል" አሉ። ሁለት አደረጓቸው፤ አንዷን በግራ፣ አንዷን በቀኝ። ውሃው ጭራሽ ሮጠ።

ማን ነው ይሄ ጮሌ? አያ ወልዴ ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። ንብረት ነው። ንብረት የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ ከቦዩ ራስ ላይ ሽንኩርት ያለው፣ ሲናገር የሰው አይን የማያይ ሰው ነው፤ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ በአፍንጫው "እንግዴህ እኔ ምናለብኝ" ይላል። ወንድሙ ቡሬ ጋራዥ አለው። ለጥምቀት ሲመጣ መኪናው ውስጥ ክንድ የሚያክል የቧንቧ መፍቻ ነበረ፤ አያ ወልዴ በአይናቸው አይተውታል። በዚያ መፍቻ መዝጊያው ያለ መዘውር ይነሳል። ወይራ ማስቀመጥ የጀመሩትም ያንን መፍቻ ባዩ በማግስቱ ነበር።

ችግሩ ንብረትም እሳቸውን መጠርጠሩ ነው። "እንግዴህ መዘውሩ ያለው አንድ ሰው ቤት ነው" አለ ለሰው ሁሉ፣ ሰማይ እያየ። "ውሃ ብቻውን አይሄድ። የአያ ወልዴ እህት ቦዩ ሥር ጎመን አላት። ጎመኗ ደግሞ አምሮበታል።" ነገሩ ከማህበሩ ጆሮ ደረሰ። አያ ፀጋው ሁለቱን ጠርተው "ማለት… የመጋቢት ሁለተኛው ማክሰኞ ዋርካው ሥር እንቀመጣለን። ወይ ሌባው ይያዛል፣ ወይ… ማለት… መዘውሩ ይመለሳል" አሉ።

መዘውሩ ይመለሳል! አያ ወልዴ ማታውን ራታቸውን አልበሉም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌባ ሲይዙ ኖረው፣ በሌብነት ተጠርጥረው ብረት ማስረከብ!

ክንፈሚካኤል የመጣው በዚህ መሃል ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አይሱዙ ቆመና ከጭነቱ ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሳንቃ፣ አንድ ቀጭን ቋሚ እንጨት፣ የተጠቀለለ ቀይ ሸራና አንድ ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ልጅ ወረዱ። ልጁ ሸራውን ቋሚው ላይ ወጠረ፣ ቋሚውን ሳንቃው ላይ ሰካ፣ ሳንቃውን ውሃው ላይ ጣለ፣ ራሱ ላዩ ላይ ቆመና ሄደ። በቃ፣ ሄደ። ውሃ ላይ ቆሞ። ከብት ሲያጠጡ የነበሩት ከብታቸውን ረሱ። አንዲት ሴትዮ አማተበች። አያ ወልዴ አላማተቡም፤ ሸራው ጫፍ ላይ የተሰካች ጥቁር ነገር አይተዋል።

ልጁ ሲመለስ ዳር ላይ ጠበቁት።

"እንዴት ዋሉ አባባ!" አለ ልጁ ውሃው እየተንጠባጠበ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ዊንድሰርፊንግ ይባላል። በንፋስ ነው የሚሄደው።"

"ጀልባ ነው?"

"አይ፣ ጀልባ አይደለም።"

"ሳንቃ ነው እንበል?"

"ሳንቃም ነው፣ ሸራም ነው፤ ሁለቱም።"

"ሁለት ነገር የሆነ ነገር አልወድም" አሉ አያ ወልዴ። "ያቺ እላይ ያለችውስ?"

"ካሜራ ነች።"

"ማንን ነው የምታይ?"

"እኔን።"

አያ ወልዴ ከላይ እስከ ታች አዩት። "አንተን? ራስህን ለማየት እንጨት ጫፍ ላይ አይን ሰቀልክ? ቡሬ መስታወት ጠፋ?"

ልጁ ሳቀ። የቡሬ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሎጅ ውስጥ ሠርቷል፤ መጀመሪያ አሸዋ ይጠርግ ነበር፣ በኋላ እንግዶቹን እያየ ይሄን ነገር ለመደ። ሳንቃው ጅራቱ ተሰብሮ ሲጣል "ለኔ ስጡኝ" ብሎ ጠግኖ ይዞት መጣ። አሁን ባህር ዳር ጣና ዳር ያለ አንድ ሎጅ ይሄን ነገር የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ "ስትነዳ በቪዲዮ ላክልን፣ እንዴት እንደምትቆም ከላይ ይታይ" ብለውታል። ካሜራዋን ፍኖተ ሰላም ሰርግ ከሚቀርጽ ሰው ተውሷል። ይሄን ሁሉ ልጁ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። አያ ወልዴ ከዚህ ሁሉ አንድም አላመኑም።

ማመን ይከብዳል እኮ። የዛሬ ስንት ዓመት ባለሦስት እግር አይን የያዙ ሰዎች መጥተው "ዝም ብለን ነው የምናየው" ብለው ነበር። አይተው ሄዱ። በዓመቱ የአያ ወልዴ የግጦሽ ጥግ መንገድ ሆነ። ያኔ አይኑ ሦስት እግር ነበረው፤ አሁን ጭራሽ ውሃ ላይ ይሄዳል።

"የት ነው ያረፍክ?" አሉት።

"ንብረት ቤት። ሚስቱ የአክስቴ ልጅ ነች።"

እዚህ ላይ የአያ ወልዴ ጆሮ ቀና አለ። ንብረት ቤት! ከማህበሩ ስብሰባ ሁለት ሳምንት ሲቀር! እላይ የተሰቀለ አይን ይዞ! ከዚያ ከፍታ እኮ የእህታቸው ጎመን ቅጠል በቅጠል ይታያል።

"ማነው የላከህ?"

"ማንም አልላከኝም አባባ። ንፋስ ፈልጌ ነው። እዚህ መጋቢት ንፋሱ ጥሩ ነው አሉኝ።"

"ንፋስ ቡሬም አለ።"

"ቡሬ ውሃ የለማ።"

መልሱ ልክ መሆኑ አያ ወልዴን ይበልጥ አስጠረጠራቸው። ልጁ ሸራውን ሲጠቀልል አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ "ይሄ ውሃ ግን ይስባል ልበል? ንፋሱ ቆም ሲል ቀስ አድርጎ ወደዚያ ግንብ ይወስደኛል።"

"ውሃ አይስብም" አሉ አያ ወልዴ። "የሚስብ ሰው ነው።" ይሄን ብለው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሥራ ሆነባቸው፤ ንብረትን መጠበቅና ልጁን መጠበቅ። ልጁ ውሃ ላይ ሲሆን እሳቸው ዳር ዳሩን በቁጥቋጦ መሃል ይከተላሉ። ወዲህ ደግሞ ነገሩን ለሰው ማድረስ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጠጅ ቤት ደጃፍ ሳይቀር፣ ጾመኛ ሆነው፣ ቆም ብለው "ክንድ የሚያክል መፍቻ ነው። በአይኔ አይቻለሁ" ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። ሌላውን ሰሚው ይጨምራል። በሳምንቱ መፍቻው ሁለት ክንድ ሆነ፤ በአሥረኛው ቀን ንብረት ሲጠቀምበት ያየ ሰው ተገኘ። ጫፈኞቹ "የንብረትን ተራ ለኛ ነው የሚሰጡን" ብለው ቦያቸውን መጥረግ ጀመሩ። የንብረት ሚስት ውሃ ስትቀዳ ሰላም የሚላት ጠፋ። ንብረት ራሱ ሰማይ ማየቱን ትቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አያ ወልዴ ይሄን አይተው "ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚሆን" አሉ።

ከስብሰባው በፊት ባለው እሁድ ነው እንግዲህ ነገሩ የተገለበጠው።

እሁድ ውሃ አይከፈትም፤ ሰንበት ነው። ከቅዳሜ አመሻሽ እስከ ሰኞ ማለዳ መዝጊያው ተዘግቶ ይውላል። አያ ወልዴ ማለዳ ዳበሱ፤ ሁለቱም ወይራዎች በቦታቸው አሉ። ከቅዳሴ መልስ ልጁ ሸራውን ወጠረና ገባ። አያ ወልዴም ቁጥቋጦአቸው ውስጥ ገቡ። ንፋሱ ጥሩ ነበር። ልጁ ከጫፍ ጫፍ ሄደ፣ ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። አያ ወልዴ በጉልበታቸው እየዳኹ አብረው ሄዱ፣ አብረው ተመለሱ። ልጁ ወጥቶ ካሜራዋን ሲፈታ ከቁጥቋጦው ብድግ አሉ።

"አሳየኝ።"

ልጁ ደነገጠ። "ምኑን አባባ?"

"አይንህ ያየውን። አሁን፣ እዚሁ፣ ሳትቆርጥ።"

"ይቻላል እኮ፣ ለምን ይቆጣሉ?" ልጁ ካሜራዋን ከስልኩ ጋር አገናኘና ሰጣቸው።

አያ ወልዴ ስልኩን ከአይናቸው አርቀው ያዙት። ከላይ ነው የሚታየው፤ የልጁ አናት፣ ነጩ ሳንቃ፣ ዙሪያው ውሃ። ግድቡን ወፍ ሆነው የሚያዩት ይመስላል። ጎመኑን ፈለጉ፤ የለም። ቤታቸውን ፈለጉ፤ የለም። ዳር ላይ ግን አንድ ነጭ ነገር ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ይሳባል።

"ይሄ ምንድነው? ማነው ይሄ የሚሳበው? ሌባው ይሄ ነው!"

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። "እርስዎ ነዎት አባባ።"

አያ ወልዴ ስልኩን አቀረቡት። እውነትም ጋቢያቸው ነው። ይቀመጣሉ፣ ብድግ ይላሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ።

"እኔ እኮ ሆድዎን አሞዎት ነው ብዬ ወደዚያ ላለማየት ስሞክር ነበር" አለ ልጁ።

"ዝም በል። ድገምልኝ።"

ሁለተኛ ሲያዩት ራሳቸውን አላዩም። ሌላ ነገር አዩ። ውሃው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተንሳፍፎ ነበር። መሃል ላይ ቅጠሉ ንፋሱ እንደሚነዳው ከግንቡ እየራቀ ይሄዳል። ግንቡ አጠገብ ግን ቅጠሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ንፋሱን እየገፋ፣ ተሰልፎ፣ ወደ መዝጊያው ይሄዳል። እዚያ ደርሶ ይሽከረከራል፣ ጠልቆ ይጠፋል።

"ድገምልኝ" አሉ።

ሦስተኛም አዩት። እሁድ ነው። መዘውሩ ወገባቸው ላይ ታስሯል። ንብረት ቤቱ ነው፤ መፍቻው ከወንድሙ ጋር ቡሬ ነው። ታዲያ ቅጠሉን ማነው የሚጠራው?

አያ ወልዴ ስልኩን መልሰው ግድቡን ተሻግረው ወደ ማዶ ወረዱ። ቱቦው የሚወጣበት ቦታ ቄጠማ የበላው ኩሬ ነው፤ ሰው አይደርስበትም፣ እሳቸውም ከዓመት ወዲህ አልደረሱበትም፤ እሳቸው የሚያዩት መዝጊያውን ነው። ቄጠማውን ገፍተው ገቡ። ውሃው ከቱቦው አፍ ዝም ብሎ፣ ሳይጮህ፣ እንደ ወፍራም ገመድ ይወጣል። ወጥቶም ትንሽ ስለሆነ ወደ ቦዩ ከፍ አይልም፤ ከቦዩ ዝቅ ባለው በአሮጌው የወንዝ መንገድ ሾልኮ ገደል ይገባል። ማንንም ሳያጠጣ።

ተመልሰው መዘውሩን ሰኩ። መዝጊያውን አንድ ስንዝር አነሱ፣ በደረታቸው ተኙ፣ እጃቸውን ሰደዱ። የግራዋን ወይራ አወጡ፣ የቀኟን አወጡ። ከዚያ መዝጊያውን አወረዱት።

ድም አለ።

ይሄን ድምፅ ከጥምቀት ወዲህ ሰምተውት አያውቁም። ብረት ሲሚንቶ ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ መዝጊያው ደፉን ነክቶ አያውቅም፤ ወይራዋ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እሷን ባወፈሩ ቁጥር ክፍተቱን አወፈሩት። ሁለት ባደረጓት ጊዜ ሰፊ በር ሠሩለት። ሌባ እንዳይከፍተው ብለው በየማታው ራሳቸው ሲከፍቱት ኖሩ።

ልጁ ከኋላ ቆሟል። "አባባ፣ ምን አገኙ?"

ወይራዎቹን ኮታቸው ኪስ ከተቱ። "ምንም። ያ ያየነው ነገር… ይጠፋል?"

"ቪዲዮው? ይጠፋል። ግን ለባህር ዳር ሰዎች ነው የምልከው።"

"ለንብረት አሳይተኸዋል?"

"አሁን እኮ ነው የቀረጽኩት። ከርስዎ ቀድሞ ማንም አላየውም።"

አያ ወልዴ ወደ ውሃው ዞሩ። ከነገ ጀምሮ ወይራ ካላስቀመጡ ውሃው ያለ ልክ መጉደሉን ያቆማል። ማክሰኞ ማህበሩ ንብረትን ይቀጣዋል። ሰው ሁሉ "አያችሁ? ንብረት ሲቀጣ ውሃው ቆመ" ይላል። መዘውሩም ትራሳቸው ሥር ይቀራል። ከዚህ የተሻለ የተገጠመ ነገር በዓለም የለም።

"አታጥፋው" አሉ በመጨረሻ። ለምን እንዳሉ እሳቸውም ያኔ አላወቁትም።

ቤት ሲገቡ ኮታቸውን ሰቀሉ። ሀብትነሽ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ወይራዎቹን አወጣች።

"ምንድነው ይሄ? ጥርስ መፋቂያ እንዳይባል ወፍሯል፤ ማገዶ እንዳይባል ቀጥኗል።"

ነገሯት። የወይራዋን ነገር ከጥምቀት ጀምሮ ነገሯት። ሀብትነሽ ሰማች፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሏቸው ነበር።

"ትስቂያለሽ?"

"አንቱ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ጨው ስሰፍር ከኋላዬ ቆመው አዩኝ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "አንድ ቀን ዞር ብለው ራስዎን ቢያዩ ምናለ?" ሳቋ ቆመ። "ለመሆኑ የዚያ ሰውዬ ሚስት ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ነበር የቆመች። አይተዋታል?"

አይተዋታል። ሁሉን ነገር ያያሉ እኮ።

ማክሰኞ ሰባ ሁለቱ አባወራ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አያ ፀጋው ተነሱ። "ማለት… ውሃው ጎድሏል። ማለት… ስለ አንድ መፍቻ ብዙ ሰምተናል።" ሰው ሁሉ ንብረትን አየ። ጫፈኞቹ አካፋቸውን ይዘው ነው የመጡት። አንዱ "ያለ ተራው ላስኬደ ሕግ አለ፤ ሕጉ ይፈጸም" አለ፤ ሌላው "ይፈጸም!" አለ። ንብረት ተነስቶ "እንግዴህ እኔ…" ብሎ ቀሪው ከአፍንጫው አልወጣ አለው። "ሽንኩርቴ አሁን ነው ራስ የሚቋጥር። በልጆቼ ይሁንባችሁ፣ አልነካሁም።" ማንም አልሰማውም።

"እህ… እህ… እህም" አሉ አያ ወልዴ። ሲናገሩ ሦስት ጊዜ ነው የሚስሉት፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሰው ዝም ይላል። ከኪሳቸው ሁለቱን ወይራዎች አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡ። "ሌባው ይሄው።"

"በዚህ ነው ንብረት የከፈተው?" አለ ከጫፈኞቹ አንዱ፣ አንገቱን አስግጎ።

"በዚህ ነው እኔ የከፈትኩት።"

ነገሩን ከሥሩ ተናገሩ። ሰው መጀመሪያ አላመነም፤ አያ ወልዴ ሌላ ተንኮል የያዙ መሰለው። ልጁን ጠሩና ስልኩ በዙር መዞር ጀመረ። ያየ ሁሉ የየራሱን ነገር ነው የሚያየው። አንድ ሽማግሌ "ይሄ ልጅ እውነት ቆሞ ነው የሚሄደው? ከሥሩ የቆመበት ድንጋይ የለም?" አሉ። ሌላው "ያ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንፏቀቀው አያ ወልዴ አይደሉም?" ብሎ ጮኸ፤ ስልኩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ዞረ። ሳቁ ዋርካውን አነቃነቀው። አያ ወልዴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ከዚያ "ቅጠሉን እዩ" አሉ። ቅጠሉን አዩ። ሳቁ ቆመ። አምስት ሰው ተልኮ ቱቦውን አይቶ መጣ፤ "አሁን ጠብ ጠብ ነው የሚል፤ ቄጠማው ግን አዲስ የተኛ ነው፣ ብዙ ውሃ ሄዶበታል" አለ።

"ማለት…" አሉ አያ ፀጋው፣ "ሳያውቅ ያደረገ ሰው እኮ…"

"ሕጉ ማንም ይሁን ማን ነው የሚለው" አሉ አያ ወልዴ። "እኔ ነኝ ያወጣሁት። የኔ ሙሉ ዙር ለጫፈኞቹ ይሰጥ።" ሀብትነሽ ከሴቶቹ መሃል ሆና ሽንኩርታቸውን አስባ አይኗን ጨፈነች። አያ ወልዴ መዘውሩን ከወገባቸው ፈቱ። አሥራ አንድ ዓመት የታሰረበት ቦታ ኮታቸው ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል። ሄደው ንብረት ፊት ቆሙ። "ሚስትህን ብቻዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። መዘውሩን አንተ ያዝ፤ የሚጠረጥር ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከሁሉ አብልጠህ የምትጠረጥረው እኔን ነው።"

ንብረት ብረቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሰማዩን አየ። "እንግዴህ… ይቅርስ ብያለሁ" አለ፣ እጁን ሳይዘረጋ። "ግን ምን አስበው ነው የሚሰጡኝ?"

አያ ፀጋው ከመሃል ገብተው መዘውሩን አስጨበጡት።

የአያ ወልዴ ሽንኩርት አንገቱን ደፋ፤ ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ እንደ ነጭ ሽንኩርት ትንሽ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዙር ጫፈኞቹ እስከ መጨረሻው ትልማቸው ድረስ አጠጡ። የግድቡ ውሃ አወራረድ ተመልሶ በሳምንት አንድ ጣት ሆነ፤ ፋሲካን ተሻገረ። ክንፈሚካኤልም ቪዲዮውን ለባህር ዳር ላከው። "አቋቋምህ ጥሩ ነው፣ ከሰኔ ጀምር" ብለው መለሱለት፤ ከታች ደግሞ "ቁጥቋጦው ውስጥ ያለው ሰውዬ ደህና ነው?" የሚል ጨምረው ነበር።

ልጁ ሊሄድ ሲል አንድ እሁድ ለመጨረሻ ጊዜ ሸራውን ወጠረ። አያ ወልዴ በዚህ ጊዜ አልተደበቁም፤ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ የላቸውም፤ መዘውር የላቸውም። ድንገት ወደ ግንቡ አዩ። ንብረት ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኝቷል። እጅጌው እስከ ትከሻ ተሰብስቧል። ክንዱ ውሃ ውስጥ ነው፤ አንድ አይኑ ተጨፍኗል፤ ሌላው አይኑ መንገድ መንገዱን ይጠብቃል።

አያ ወልዴ ቀስ ብለው ከድንጋዩ ተነሱ።

"ክንፌ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያችን አይንህን እስቲ ወደ ግንቡ አዙራት።"